ከአስፋልቱ በላይ፣ ከአስፋልቱ በታች

ፍንጣሪ የሚሉት በያጅ ዕድሜውን ሙሉ የተመኘው አንድ ነገር ነበር፤ የእሱና የታላቅ ወንድሙ ስም በአንድ የድምፅ መስጫ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን ሰፍሮ ሰፈርተኛው ከሁለቱ አንዱን እንዲመርጥ። አሸንፋለሁ ብሎ አይደለም። መሸነፉን ሆዱ ከወዲሁ ያውቀዋል። ግን አንድ ሰው፣ የፈለገው ሰው ይሁን፣ እስክሪብቶውን ይዞ ቆሞ ለአፍታ «ከሁለቱ የትኛው ይሻላል?» ብሎ እንዲያመነታ ፈለገ። ያቺን አፍታ ማንም ሰጥቶት አያውቅም።

አባታቸው ሁለት ወንዶች ልጆች ነበሯቸው። ትልቁን «ጭንቅላት አለው» ብለው ትምህርቱን አስጨረሱት። ትንሹን «እጁ ደህና ነው» ብለው ከአራተኛ ክፍል ጎትተው ብረት ቤት ከተቱት። ትንሹ ጭንቅላት ይኑረው አይኑረው ከፍቶ ያየ የለም። ትልቁ ተማረ፣ ቢሮ ገባ፣ ከረባት አሰረ፣ ኋላም ተመርጦ ምክር ቤት ገባ። እዚያ እርስ በርስ «የተከበሩ» ይባባላሉ ሲባል የሰማው ሰፈር እሱንም «የተከበሩ» እያለ መጥራት ጀመረ፤ ግማሹ ከልቡ፣ ግማሹ ለሹፈት። ትንሹ ከብየዳው ጋር እየተፋጠጠ ዓይኑን አቀላና ፍንጣሪ ተባለ።

ይህ ሁሉ ባልከፋ። አባታቸው የሞቱ ጊዜ የሆነው ግን ከአንጀቱ አልወጣም። ከትልልቅ ሰዎች አንዱ ለቅሶ ሊደርስ መጥቶ፣ የተከበሩ እየመራ ሲያስገባው በሩ ላይ ፍንጣሪ ቆሟል፤ ዓይኑ አብጧል፤ አባቱ ናቸው የሞቱት። እንግዳው «እሱስ?» ብሎ ጠየቀ። የተከበሩ ቸኩሎ ነበር መሰል፣ «እሱ በር የሚሠራልን ነው» ብሎ አለፈ። በር የሚሠራልን! ፍንጣሪ ያን ቀን ያለቀሰውን ሰዎች የአባቱ ሐዘን መስሏቸው አጽናኑት።

ዓመታት አለፉ። ምርጫ ሲቃረብ ፍንጣሪ የግል ተወዳዳሪ ሆኖ ሊቀርብ ቆረጠ። የነገራትም ለሚስቱ ብቻ ነው። እሷ ልብስ ሰፊ ናት፤ ወሬውን የሰማችው የስፌት መኪናዋን ሳታቆም ነው።

«ከዋርሳዬ ጋር ልትወዳደር?»

«አዎ።»

«እና ካሸነፍክ ምን ልትሠራ?»

«አላሸንፍም።»

መኪናዋን አቆመች። አየችው። «አይ ያንተ ነገር» አለችና ክሩን በጥርሷ በጠሰች። አልከለከለችውም። በር የሚሠራልን የተባለ ቀን አጠገቡ ቆማ ነበር።

የምዝገባው ቢሮ ጠባብ ክፍል ነው። አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ማራገቢያ፣ ግድግዳው ላይ አንድ ትልቅ ካርታ። መዝጋቢዋ መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ አውርዳ ማመልከቻውን አየች፣ አድራሻውን አየች፣ ካርታውን አየች።

«አንተ አራት ነህ» አለችው።

«ምን አራት?»

«የምርጫ ክልል አራት። ሦስት ውስጥ መወዳደር አትችልም። ነዋሪው ስለበዛ ክልሉ ለሁለት ሊከፈል ነው፤ አንተ ከወንዙ ማዶ ወድቀሃል።»

«ከየትኛው ወንዝ?»

ረቂቅ ሕጉን ገልጣ አነበበችለት፤ «የምርጫ ክልል ሦስትና አራት ወሰን ከአደባባዩ ተነሥቶ ወንዙን ተከትሎ እስከ ነዳጅ ማደያው ይሆናል።»

«እህቴ፣ እኔ እዚያ ነው ያደግኩት። ደጄ ላይ ወንዝ ቢኖር ዓሣ አጥምጄ እበላ ነበር እንጂ ብረት ስጠብስ አልኖርም።»

«ካርታው ላይ አለ። ይኸው ሰማያዊ።»

ፍንጣሪ ጠጋ ብሎ በጣቱ ተከተለው። ሰማያዊው መስመር ከአደባባዩ ይነሣል፣ በአስፋልቱና በእሱ ብረት ቤት መሐል ይገባል፣ በደጁ ያልፋል። በሳቅና በእልህ መሐል ሆኖ፣ «ይሄማ ቧንቧው ነው!» አለ። ዋናው የውሃ ቧንቧ። በየክረምቱ ይፈነዳል፤ ሰፈሩ ባልዲ ይዞ ይወጣል፤ ሕፃናት ይራጩበታል። ካርታውን ከውሃ መሥሪያ ቤት የተዋሰ አንድ የተማረ ሰው ሰማያዊ ሲያይ ወንዝ ብሎ ጻፈው፤ ሌላው የተማረ ተቀብሎ ሕግ አደረገው። ጫማውን አድርጎ ሄዶ ያየ የለም።

መዝጋቢዋ ካርታውን አየች፣ እሱን አየች። ክፉ ሰው አልነበረችም። «ገና ረቂቅ ነው» አለችው። «የሕዝብ ውይይት ይደረግበታል። አንቀጹ ይነበባል፣ ‹ተቃውሞ?› ይባላል፤ ያለው ይናገራል። ዝም ከተባለ ያልፋል፤ ካለፈ በኋላ ማንም አይመልሰው። አንተ እዚያ ተናገር። ከተስተካከለልህ መጥተህ ትመዘገባለህ።»

ሚስቱ አስጠናችው። ነገሩ ቀላል ነበር። የተከበሩ ባለ ፎቅ ቤት ከአስፋልቱ በላይ ነው። የፍንጣሪ ብረት ቤትና መኖሪያ፣ የእነ ጸጉር አስተካካዩ፣ የእነ ዳቦ ጋጋሪዋ፣ ፍንጣሪ በር ያልሠራለት ሰው የሌለበት ያ የቤቶች ረድፍ በሙሉ ከአስፋልቱ በታች። ከረድፉ ጀርባ የመጋዘኑ ረጅም ግንብ አለ። ወሰኑ ግንቡ ከሆነ ወንድማማቾቹም ረድፉም አንድ ክልል ውስጥ ይገባሉ።

«ተነሥተህ ‹ወንዝ የለም› በል» አለችው። «ቀጥለህ ‹ወሰኑ የመጋዘኑ ግንብ ይሁን› በል። ከዚያ ቁጭ በል። ሌላ እንዳትጨምር።»

«ምን እጨምራለሁ?»

«አንተን አውቅሃለሁ። ሰው ካዳመጠህ አታቆምም።»

የውይይቱ ቀን አዳራሹ ሞልቶ ነበር። የፕላስቲክ ወንበር፣ የሚያፏጭ ማይክሮፎን፣ መድረኩ ላይ ሦስት ሰዎች፤ የኮሚቴው ሰብሳቢ፣ ረቂቁን የሚያነበው የሕግ ባለሙያ፣ ጫፍ ላይ ደግሞ የአካባቢው ተወካይ የተከበሩ፣ እግሩን አነባብሮ። ፍንጣሪ የሠርጉን ኮት ለብሶ መሐል ተቀምጧል፤ ሚስቱ ከኋላ፣ ከሴቶቹ ጋር።

አንቀጹ ተነበበ። «ተቃውሞ?»

ፍንጣሪ ተነሣ። «ወንዝ የለም» አለ።

ሰው ሳቀ። የሕግ ባለሙያው ግን አልሳቀም። «ካርታው ከሚመለከተው መሥሪያ ቤት የመጣ ነው» አለ።

«ከውሃ መሥሪያ ቤት ነው የመጣው!» አለ ጸጉር አስተካካዩ። «እኛ ደጅ ያለው ቧንቧ ነው!»

ዳቦ ጋጋሪዋም ተቀበለች። «በፈነዳ ቁጥር እኔ ቤት ነው የሚገባው። ወንዝ ካላችሁት ይሁን፤ ግን ጀልባ ስጡን!»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ባለሙያው ወረቀቱን አገላበጠ፣ ከሰብሳቢው ጋር ተንሾካሾከ፣ ጆሮው ቀላ። ፍንጣሪ እዚህ ላይ ደስ አለው፤ ምን ይደበቃል። ተምሮ ያፈረ ሰው ማየት ለእሱ እንደ ምሳ ነው።

ከዚያ የተከበሩ እግሩን አወረደና ማይክሮፎኑን ሳበ።

«ወንድሜ ትክክል ነው» አለ።

ፍንጣሪ ሌላውን ለመስማት ጊዜ ወሰደበት። ወንድሜ። በማይክሮፎን፣ በሰው ፊት። ጸጉር አስተካካዩ ዞር ብሎ አየው። ሰብሳቢው «አሃ፣ ወንድምዎ ናቸው?» አለ። «አዎ፣ ታናሽ ወንድሜ» አለ የተከበሩ፣ ሁልጊዜ ሲለው እንደኖረ ሁሉ። በፍንጣሪ ደረት ውስጥ ዘመኑን ሁሉ እንደ ቡጢ ተጨብጦ የኖረ ነገር ሳይጠየቅ ላላ።

«ሕግ ግልጽ መሆን አለበት» ቀጠለ የተከበሩ። «የወዲህም የወዲያም ነዋሪ የት እንደሚመርጥ ማንንም ሳይጠይቅ ማወቅ አለበት። እሺ ወንዙ ቀረ። በምን ይሁን ትላለህ?»

«በመጋዘኑ ግንብ» አለ ፍንጣሪ።

ቁጭ ማለት ነበረበት። ጉልበቱ መታጠፍም ጀምሮ ነበር።

«ጥሩ» አለ የተከበሩ። «ግን እንደ ባለሙያ ልጠይቅህ። አንተ ከግንብና ከብረት ጋር የኖርክ ሰው ነህ። ያ ግንብ ይቆማል? ሕግ ሊሸከም ይችላል?»

እንደ ባለሙያ። ከረባት ያሰሩት ሦስቱ የመድረክ ሰዎች አንገታቸውን ሰገግ አድርገው የእሱን አፍ ይጠብቃሉ። የሕግ ባለሙያው እንኳ ሊጽፍ እስክሪብቶውን አዘጋጅቷል። ፍንጣሪ ቀና አለ። ኮቱን ሳብ ሳብ አደረገ።

«እውነቱን ከሆነ፣ ግንቡ አይታመንም» አለ። «መሠረቱ ሰንፏል። ወደ ጓሮዬ ያዘመመውን እኔ ነኝ በብረት ደግፌ ያቆምኩት። ደግሞ ባለቤቱ ከባድ መኪና ላስገባ ባለ ቁጥር ይሸነቁረዋል፣ መልሶ ይደፍነዋል። ነገ ከነአካቴው አፍርሶ ወዲያ ቢያስጠጋው ምን ልትሉ ነው? ወሰናችሁም አብሮ ሊሄድ ነው?»

«አያችሁ!» አለ ሰብሳቢው። «እንዲህ ነው እንጂ!»

«ታዲያ» አለ የተከበሩ በለስላሳ ድምፅ፣ «እዚህ ሰፈር ውስጥ ማንም የሚያየው፣ ማንም የማያንቀሳቅሰው፣ ነገ የማያጣላን ምን አለ?»

ከኋላ ጉሮሮ የመጥረግ ድምፅ መጣ፤ ኃይለኛ፣ ሴት ጉሮሮ። ፍንጣሪ ሰምቶታል። ግን መልሱ ምላሱ ላይ ደርሶ ነበር፤ ደግሞ ትክክለኛ መልስ ነበር፤ ከአራተኛ ክፍል ወዲህ ተጠይቆ የመለሰው የመጀመሪያው ጥያቄ።

«አስፋልቱ ነዋ!» አለ።

ጭብጨባው ቀለጠ። ሰብሳቢው ራሱ አጨበጨበ። የተከበሩ ከመድረኩ ወርዶ መጣና እጁን ትከሻው ላይ ጣለ፤ ከባድ፣ ሞቅ ያለ እጅ፣ የአባታቸውን የመሰለ። ባለሙያው ጻፈ፣ ሰረዘ፣ ጻፈ፣ ከዚያ ተነሥቶ አነበበ፤ «ከአደባባዩ እስከ ነዳጅ ማደያው ያለው አስፋልት መሐል መስመር ወሰን ይሆናል። ከአስፋልቱ በላይ ያለው የምርጫ ክልል ሦስት፣ ከአስፋልቱ በታች ያለው የምርጫ ክልል አራት ይባላል። ተቃውሞ?»

ፍንጣሪ ላዩ ላይ አንድ ጋን ቀዝቃዛ ውሃ የተደፋበት መሰለው። ከአስፋልቱ በላይ። ከአስፋልቱ በታች። የሌለው ወንዝ የለየውን፣ ያለው አስፋልት መልሶ ለየው፤ ያውም አሁን ማንም ሊስቅበት በማይችል ግልጽ ቋንቋ፤ ያውም በእሱ በራሱ አፍ።

አፉን ከፈተ። ቃሉም አልጠፋውም፤ «ተሳስቻለሁ፣ ግንቡ ይሁን» ማለት ብቻ ነበር። ግን «ለምን?» ሊሉት ነው። ምን ይበል? ግንቡን አሁን አሁን በገዛ አንደበቱ አፍርሶታል። ከወንድሜ ጋር ልወዳደር ስለምፈልግ ይበል? ያ እጅ ትከሻው ላይ እያለ? ገና አሁን ወንድሜ ባለው ሰው ፊት?

«ተቃውሞ ከሌለ አልፏል» አለ ሰብሳቢው።

እጁ ትከሻውን ሁለቴ መታ መታ አደረገውና ተነሣ።

ወደ ቤት ሲሄዱ ሚስቱ ቀድማው ነው የሄደችው። ቤት ገብታ ነጠላ ጫማዋን አውልቃ፣ ሌላ ጫማ አድርጋ፣ መልሳ አውልቃ፣ ከዚያ ነው የተናገረችው።

«ግንቡ በል አላልኩህም?»

«ብያለሁ።»

«ብለህ ነበር። ከዚያ ግንቡን ለምን አፈረስከው?»

«ጠየቀኛ።»

«ቢጠይቅህስ? ‹አላውቅም› አይባልም?»

«አውቃለሁ እኮ!»

ሚስቱ ልትስቅም ልታለቅስም ሞከረች፤ ሁለቱም አልሆነላትም። «እያወቀ ነው እንዲህ ያደረገህ» አለች በመጨረሻ። «ልትወዳደረው እንደሆነ ሰምቷል። ዋርሳዬ እባብ ነው።»

ፍንጣሪ ይህን አጥብቆ ያዘው። እባብ ከሆነ ደህና። እባብ የሚሸሸው የሚፈራው ነገር ሲኖር ነው። የተከበሩ አስቦበት፣ ተጨንቆበት፣ እንቅልፍ አጥቶበት ይህን ካደረገ፣ ያቺ ፍንጣሪ የፈለጋት አፍታ በሌላ መንገድ መጥታለች ማለት ነው።

ሕጉ ጸደቀ። መዝጋቢዋ ራሷ ደውላ ጠራችው፤ ሳቅ ሳቅ እያላት ተቀበለችው። «አንተን ነው ማመስገን» አለች። «አሁን ማንም መጥቶ የት ነኝ የሚለኝ የለም። ማመልከቻህ ሙሉ ነው፣ አራት ላይ ልመዝግብህ?»

«አራት ላይ እነማን አሉ?»

አንድ መምህርና አንድ መድኃኒት ሻጭ እንደሚወዳደሩ ነገረችው።

«አላውቃቸውም» አለ።

«እና?»

«ምን አድርገውኝ ነው የምወዳደራቸው?»

መዝጋቢዋ መነጽሯን አወለቀች። እሱ ወረቀቱን ከጠረጴዛዋ አንሥቶ፣ አጥፎ ኪሱ ከቶ ወጣ። «ሕዝብን ማገልገልስ?» ብላ ከኋላው ስትጣራ ሰምቷል። እሱን ደግሞ ለተከበሩ ንገሪያቸው፣ አለ በልቡ።

ምርጫው ሲዳረስ የተከበሩ ብረት ቤቱ መጣ። ለምረጡኝ ፎቶግራፉ ማቆሚያ ፍሬም ይፈልግ ነበር፤ ሰፋ ያለ፣ ነፋስ የማይጥለው። ፍንጣሪ ልኩን ወሰደ። የተከበሩ ቆሞ ኮቱን ከብረት ብናኝ እየጠበቀ አካባቢውን ቃኘ፣ የተጀመረውን በር አየ፣ ወደ ግንቡ ተንጠራርቶ አየ።

«እውነትህን ነው» አለ፣ «ይሄ ግንብ ሊወድቅ ነው።»

ፍንጣሪ ሜትሩን ጠቀለለው። ጥርሱን ነክሶ ለመቆየት ምሎ ነበር። አልቻለም።

«ጋሼ፣ ለምን እንዲህ አደረግከኝ?»

«ምን አደረግኩህ?»

«እንደዚያ የጠየቅከኝ። አስፋልቱን በአፌ ያስባልከኝ።»

«ምን ችግር አለው? ሁሉም ወደደው አይደል?»

«ልወዳደርህ እንደነበር አታውቅም ልትለኝ ነው?»

የተከበሩ አየው። ፍንጣሪም ፊቱን አጥብቆ አየው፤ ድንጋጤ፣ ኀፍረት፣ የተያዘ ሰው ዓይን ፈለገ። በብየዳ ብርሃን የተጎዳ ዓይኑን አጥብቦ ፈለገ። አንዲትም አላገኘ። የወንድሙ ፊት እንደ ሕፃን ንጹሕ ነበር። ከዚያ ቀስ ብሎ አንድ ነገር ሲመጣ አየ፤ ከከንፈሩ ጥግ ጀመረ።

«አንተ?» አለ የተከበሩ። «እኔን?»

«አዎ።»

«ከምርህን ነው?» ሳቁን ለማፈን ከልቡ ሞከረ፤ ጨዋ ሰው ነው። ትከሻው ግን ተንቀጠቀጠ። «በናትህ! ታዲያ ለምን አልነገርከኝም? ብትነግረኝ እኮ…»

«ብነግርህ ምን ታደርግ ነበር?»

«ምን አደርጋለሁ? እስቅ ነበራ!» አለና ለቀቀው፤ በደንብ ሳቀ፤ እንባውን በመሐረብ ጠረገ። «አይ ወንድሜ። አይ አንተ ልጅ።»

እባብ አልነበረም። አልሰማም፣ አልፈራም፣ አላሰበበትም። አንድ ግንብ የሚያውቅ ሰው አገኘና ስለ ግንብ ጠየቀው፤ በቃ።

የተከበሩ ሳቁን ጨርሶ፣ ፍሬሙ መቼ እንደሚደርስለት ጠይቆ፣ የፍንጣሪን ትከሻ በዚያችው እጁ መታ አድርጎ ወጣ። ፍንጣሪ እስከ ደጅ ተከተለው። ለምን እንደተከተለው አያውቅም። ወንድሙ ወደ አስፋልቱ ወረደ፣ ግራ ቀኙን ገልመጥ አደረገ፣ መሻገር ጀመረ። ያን ጊዜ በፍንጣሪ ሆድ ያለው ሁሉ ወደ ጉሮሮው ወጣ፤ አራተኛ ክፍሉ፣ ለቅሶው፣ ያቺ አዳራሽ።

«ጋሼ!» ብሎ ጮኸ።

የተከበሩ መሐል አስፋልቱ ላይ ቆሞ ዞረ። «አቤት?»

አንድ የጭነት መኪና ከአደባባዩ ታጥፎ እያንባረቀ መጣ። ወንድሙ አላየውም፤ ፊቱ ወደ ታናሹ ነው፤ ይጠብቃል፤ ሊሰማው ቆሟል።

«መኪና!» አለ ፍንጣሪ። «ተሻገር፣ መኪና!»

የተከበሩ ዘለል ብሎ ወዲያኛው ጠርዝ ወጣ። መኪናው አለፈ፣ አቧራው ተነሣ። ከአቧራው ማዶ እጁን አውለበለበና «ተባረክ!» አለው፤ ከዚያ ወደ ላይ፣ ወደ ቤቱ ሄደ።

ፍንጣሪ ወደ ብረት ቤቱ ተመለሰና ለፍሬሙ የሚሆን ብረት መምረጥ ጀመረ። ወፍራሙን መረጠለት። ፍሬሙ በነፋስ ከወደቀ የማን እጅ ሥራ እንደሆነ ሰፈሩ ያውቃል።